ስታንፎርድ አትላንቲክ ዳር ምን ይሠራል? የኮሌጅ ፉትቦል የቲቪ ብር ሲተነተን

ስታንፎርድ ያለው ካሊፎርኒያ ነው፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ጥግ። ከ2024 ጀምሮ የሚጫወተው ግን አትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ በሚባል ማኅበር ውስጥ ነው። ቢግ ቴን የሚባለው 18 ትምህርት ቤት አለው፣ ቢግ 12 የሚባለው ደሞ 16፣ ቁጥር የሚቆጥርላቸው ሰው የጠፋ ነው የሚመስለው። የሎሳንጀለሱ ዩሲኤልኤ ከኒው ጀርሲው ራትገርስ ጋር በአንድ ኮንፈረንስ ነው፣ አገር አቋርጦ ነው የሚሄደው። ልጁ አሜሪካ ኮሌጅ የገባለትና ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮ ማየት የጀመረ ሀበሻ ሁሉ የሆነ ቀን ላይ «ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?» ማለቱ አይቀርም፣ መልሱ ደሞ አንድ ነው፣ ቲቪ። ካርታውን የሳለው የቲቪ ኮንትራት ነው። ኮንትራቱ መቼ እንደተፈረመና መቼ እንደሚያልቅ ካወቃችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

(ፉትቦል ስል የአሜሪካኖቹን፣ ሄልሜት ያለውን ነው። ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጆቹ ናቸው።)

እሺ ከመሠረቱ፣ ማን ነው የሚሸጠው? የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የምታዩ ሰዎች፣ ማለትም ሁላችሁም፣ ነገሩ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል፣ እዛ 20ውን ክለብ ሊጉ በአንድ ላይ ይሸጥላቸዋል፣ አለቀ። ኤንኤፍኤልም፣ የአሜሪካ ፉትቦል የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ፣ እንደዛው ነው፣ ክለቦቹ ተሰብስበው በጋራ እንዲሸጡ የፈቀደ ሕግ በ1961 ወጥቶላቸዋል። ያ ሕግ ኮሌጆቹን አይሸፍንም፣ አንድ ሊግ የሚባል ነገርም የላቸውም። ያሉት ኮንፈረንሶች ናቸው፣ ኤስኢሲ፣ ቢግ ቴን፣ ኤሲሲ (ያ ስታንፎርድ ያለበት አትላንቲክ ኮስት)፣ ቢግ 12 እና ሌሎች ትናንሾች፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይደራደራል ለብቻው ይፈርማል ያገኘውን ለአባላቱ ያካፍላል። ኖተርዳም የሚባለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ደሞ በፉትቦል ማንም ውስጥ አልገባም ብሎ ከ1991 ጀምሮ የሜዳውን ጨዋታ ኤንቢሲ ለሚባለው የቲቪ ጣቢያ ለብቻው ይሸጣል፣ ኮንትራቱም እስከ 2029 ተራዝሞለታል። ስም ካለህ ይቻላል ማለት ነው።

የሚሸጠው ደሞ በሜዳህ የምታደርገው ጨዋታ ነው። ይሄን ያዙልኝ ብዙ ነገር ይፈታል። ነሐሴ 2025 መጨረሻ ላይ ቴክሳስ ኦሃዮ ስቴት ድረስ ሄዶ ሲጫወት ጨዋታውን ያሳየው ፎክስ ነው፣ ምክንያቱም ሜዳው የኦሃዮ ስቴት ነው፣ ኦሃዮ ስቴት ቢግ ቴን ነው፣ ቢግ ቴን ደሞ ዋናውን ፓኬጅ የሸጠው ለፎክስ ነው። የቴክሳስ ኮንፈረንስ ኤስኢሲ ሙሉ በሙሉ የስፖርት ቻናሉ የኢኤስፒኤን ነው ግን የዛን ቀን ምንም ማድረግ አይችልም። የሚያስቀው ኢኤስፒኤን የጠዋት ሾውን ይዞ እዛው ከተማ፣ እዛው ስታዲየም ደጃፍ ነበር፣ ሊ ኮርሶ የሚባሉት ተወዳጁ ሽማግሌም የመጨረሻ ፕሮግራማቸውን የሠሩት የዛን ቀን ነው፣ ከዛ ጨዋታው ሲጀምር ተመልካቹ ወደ ፎክስ ቀየረ።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ድሮ ይሄ ሁሉ በአንድ እጅ ነበር። ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየሳምንቱ ስንት ጨዋታ ቲቪ ላይ እንደሚወጣ፣ አንድ ቡድን ስንት ጊዜ እንደሚታይ እሱ ነበር የሚወስነው። ሰበቡ «ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ካየ ስታዲየም አይመጣም» ነው። በ1951 ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፔንስልቬንያ እምቢ እኔ ጨዋታዬን አሳያለሁ ሲል በአባልነቱ መጡበት፣ ተጋጣሚዎቹም ከሱ ጋር አንጫወትም አሉ፣ እሱም ሳይወድ በግዱ ተመለሰ።

ሥርዓቱ ምን ያህል ግራ የገባው እንደነበር በአንድ ቅዳሜ ይታያል። በ1981 ኦክላሆማና ዩኤስሲ ተጋጠሙ፣ ሁለቱም የአገሩ ቁንጮ የነበሩ፣ ከ200 በላይ ጣቢያ አሳያቸው። በዛው ሳምንት ሲታደልና አፓላቺያን ስቴት የሚባሉ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ጨዋታ በአራት ጣቢያ ብቻ ታየ። አራቱም ቡድን የተከፈላቸው ብር እኩል ነው! ኦክላሆማ ይሄን አይቶ ዝም ይላል ብላችሁ ታስባላችሁ? ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ኤንሲኤኤን ከሰሰ፣ ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1984 ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 «ይሄ በፀረ ሞኖፖል ሕግ የተከለከለ ስምምነት ነው» ብሎ አፈረሰው። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይሮን ኋይት ናቸው፣ በወጣትነታቸው በኮሌጅም በኤንኤፍኤልም ኮከብ የነበሩ ሰው። ኳሱን ራሳቸው የተጫወቱት ዳኛ ናቸው «ተዉ ይሄ ገበያ ብቻ አይደለም» ያሉት፣ አልተሰሙም።

ያሸነፉት ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ ላይ የጠበቁትን አላገኙም። ገበያው ሲከፈት በአንዴ ብዙ ጨዋታ መጣ፣ የአንዱ ጨዋታ ዋጋ ወረደ። ቆይቶ ግን ኬብል ተስፋፋ፣ ኢኤስፒኤን የሚባል ቀኑን ሙሉ የሚሞላው ነገር የሚፈልግ ቻናል አደገ፣ ከዛ ወዲያ ዋጋው ወደ ላይ ብቻ ነው። ምን ያህል እንደወጣ ለማየት አንዱን ፓኬጅ ውሰዱ፣ የኤስኢሲን የሳምንቱን ምርጥ ጨዋታ። ሲቢኤስ በ2008 የ15 ዓመት ኮንትራት ፈርሞ በዓመት 55 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ይከፍልበት ነበር። ኮንትራቱ ሲያልቅ ኢኤስፒኤን ከ2024 ጀምሮ በዓመት 300 ሚሊዮን አካባቢ ብሎ እንደወሰደው ነው የተዘገበው። ያው ጨዋታ ነው እኮ፣ ያው አላባማ ያው ጆርጂያ። ሲቢኤስ 15 ዓመት ሙሉ በቅናሽ ሲበላ ኮንፈረንሱ ምንም ማድረግ አልቻለም፣ ፈርሟላ።

ብሩ ከየት ነው የሚመጣው ለሚለው፣ ማስታወቂያ አንዱ ነው፣ ትልቁ ምንጭ ግን ለረጅም ጊዜ ኬብል ነበር። ኬብል እንደ እድር መዋጮ ነው የሚሠራው፣ ቤትህ ለቅሶ ኖረም አልኖረም በየወሩ ትከፍላለህ። ኢኤስፒኤንን አንድም ቀን ከፍቶ የማያውቅ ቤት በየወሩ ከኬብል ቢሉ ላይ ብዙ ዶላር ለኢኤስፒኤን ይሄድበት ነበር። ኮንፈረንሶቹ ይሄን ሲያዩ ለምን የራሳችንን ቻናል ከፍተን እንደዛው አንሰበስብም አሉ፣ ቢግ ቴን ከፎክስ ጋር ሆኖ በ2007 ቢግ ቴን ኔትወርክን ከፈተ። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አፓላቺያን ስቴት፣ አዎ ያ በአራት ጣቢያ የታየው ትምህርት ቤት፣ ከመቶ ሺ በላይ ሰው በሚይዘው የሚሺጋን ስታዲየም ገብቶ ሚሺጋንን 34 ለ 32 አሸነፈ። በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ከታዩት ትልልቅ ጉዶች አንዱ ነው፣ ብዙ ሰው ግን በቀጥታ አላየውም፣ ምክንያቱም ኮምካስትን የመሰሉ ትልልቅ የኬብል ድርጅቶች በዋጋ ስላልተስማሙ ቻናሉን ገና አልያዙትም ነበር። ኮምካስት የተስማማው በዓመቱ ነው።

ከዛ ነው ካርታው መንሸራተት የጀመረው። የኮንፈረንሱ ቻናል ክፍያ የሚሰላው ቤትህ አባል ትምህርት ቤት ያለበት አካባቢ ነው አይደለም በሚል ነው፣ አካባቢው ውስጥ ከሆነ በወር ወደ አንድ ዶላር የሚጠጋ፣ ውጪ ከሆነ ሳንቲሞች። ስለዚህ ቢግ ቴን ሜሪላንድንና ራትገርስን ጠራ፣ በ2014 ገቡ። ሁለቱ በፉትቦል ያን ያህል አስፈሪ ሆነው አይደለም፣ ሜሪላንድ ከዋሽንግተን ዲሲና ከባልቲሞር፣ ራትገርስ ደሞ ከኒውዮርክ አጠገብ ስላሉ ነው። በሌላ አነጋገር የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ዜናና ፊልም ለማየት ብሎ ኬብል ያስገባ ሀበሻም ሳያውቀው ለቢግ ቴን ከፋይ ሆነ። የሜሪላንድ ካምፓስ እኮ ከዛ ሰፈር ጥቂት ማይል ነው።

የተበላው ደሞ ፓክ 12 ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የቲቪ ድርድር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ማኅበር በአንድ ሳምንት እንዴት እንደሚያፈርስ የሚያሳይ ነው። ፓክ 12 የምዕራቡ ዳርቻ ኮንፈረንስ ነበር፣ ዩኤስሲ፣ ዩሲኤልኤ፣ ስታንፎርድ፣ ኦሪገን፣ ዋሽንግተን። በ2012 የራሱን ቻናል ሲከፍት ሌሎቹ ከፎክስ ወይ ከኢኤስፒኤን ጋር በሽርክና ሲሠሩ እሱ ግን መቶ ፐርሰንት የራሴ ይሁን አለ፣ አንድ አገር አቀፍና ስድስት የየአካባቢ ቻናል አቋቋመ። ሀሳቡ ወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ ከኋላህ ትልቅ ድርጅት ከሌለ ኬብል ኩባንያውን የሚያስገድድልህ የለም፣ ኢኤስፒኤን «ይሄን ካልያዝክ ሌላውንም አታገኝም» ማለት ይችላል፣ ፓክ 12 ምን ይዞ ያስፈራራል? የሳተላይት ቲቪ ድርጅቱ ዳይሬክቲቪ እስከ መጨረሻው ድረስ ቻናሉን ሳይይዘው ቀረ።

ሰኔ 30 ቀን 2022 ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን አሉ። የሎሳንጀለስ ገበያ በአንድ ቀን ከፓክ 12 እጅ ወጣ ማለት ነው። ቢግ ቴን በዛው ነሐሴ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተባለ ኮንትራት ፈረመ። የፓክ 12 ኮንትራት የሚያልቀው በ2024 ነበርና እሱም መደራደር ነበረበት። በሰፊው እንደተዘገበው ኢኤስፒኤን ለአንድ ትምህርት ቤት በዓመት 30 ሚሊዮን አካባቢ አቅርቦ ነበር፣ እነሱ 50 ጠየቁ፣ ኢኤስፒኤን በሉ ደህና ሁኑ ብሎ ሄደ። ቢግ 12 ደሞ ተራው ሳይደርስ ቀድሞ ጥቅምት 2022 ላይ ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ወደ 31.7 ሚሊዮን በሚደርስ ሂሳብ ጨረሰ። ያኔ እነዚህ ሁለቱ ቻናሎች ቅዳሜያቸው ሞላ። የኢኤስፒኤን ባለቤት ዲዝኒም በዛው ሰሞን ሠራተኛ መቀነስ ጀምሯል፣ ገዢ የለም።

ሐምሌ 2023 መጨረሻ ላይ ኮሎራዶ ወጣ። በሳምንቱ የፓክ 12 ኮሚሽነር ለአባላቱ ይዞ የቀረበው የአፕልን ስትሪሚንግ ነው፣ የተረጋገጠው ክፍያ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዛ በላይ የሚመጣው ስንት ሰው ሰብስክራይብ እንዳደረገ ታይቶ ነው ተባለ። በቀላሉ «የራሳችሁን ደጋፊ አፕሊኬሽን ሽጡ» ነው ነገሩ። ነሐሴ 4 ጠዋት ለመፈረም ተሰበሰቡ፣ ኦሪገንና ዋሽንግተን ግን እንሄዳለን አሉ፣ በሙሉ ድርሻ እንኳ አልነበረም ቢግ ቴን የተቀበላቸው፣ በግማሽ ገደማ። ቀኑ ሳይመሽ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታም ወደ ቢግ 12 ሄዱ። ስታንፎርድና ካል (የበርክሌው ዩኒቨርሲቲ) ወር አካባቢ ሲንከራተቱ ቆይተው ኤሲሲ በተቀነሰ ድርሻ አስገባቸው፣ አብሯቸው የገባው የዳላሱ ኤስኤምዩ ደሞ ዘጠኝ ዓመት ከኮንፈረንሱ የቲቪ ብር አልፈልግም ብሎ ነው የገባው፣ ሀብታም የቀድሞ ተማሪዎቹ ይሸፍኑለታል። ሜዳው ላይ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ቀሩ። ቡድናቸው ደካማ ሆኖ አይደለም፣ ያሉበት ከተማ ትንሽ ስለሆነ ቲቪ አልፈለጋቸውም። እኔ በግሌ ይሄ ነገር ያናድደኛል።

በዛ ላይ ኮንትራቱ የሚፈረመው ለፉትቦል ሆኖ የሚጓዘው ግን ሁሉም ነው። የዩሲኤልኤ የቮሊቦል ልጅ ሐሙስ ማታ አውሮፕላን ላይ ፈተናዋን ታጠናለች፣ ከሷ ጨዋታ ያን ያህል ብር የሚጠብቅ ማንም የለም።

ታዲያ ሁሉም እንደፈለገ ከወጣ ቲቪው ምን ተማምኖ ይገዛል? እዚህ ጋ ነው መብት ማስረከብ የሚባለው ሰነድ የሚመጣው። ትምህርት ቤቱ «የሜዳዬን ጨዋታ የማሳየት መብት እስከዚህ ዓመት ለኮንፈረንሱ ሰጥቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። ብትወጣም መብቱ አብሮህ አይወጣም፣ አዲሱ ኮንፈረንስህ የአንተን ጨዋታ መሸጥ አይችልም፣ ስለዚህ ማን ይፈልግሃል? ነሐሴ 4 ጠዋት ሊፈረም የነበረውም ይሄው ነው፣ የፓክ 12 የድሮው ሊያልቅ ስለነበር በሩ ክፍት ነበር። ቴክሳስና ኦክላሆማ ከቢግ 12 አንድ ዓመት ቀድመው ለመውጣት በድምሩ 100 ሚሊዮን ዶላር ነው የተስማሙት። ኤሲሲ ደሞ እስከ 2036 አስፈርሟል፣ ያኔ ሲፈረም መረጋጋት ይመስል ነበር፣ በኋላ እነ ኤስኢሲ በእጥፍ ሲያድጉ እስር ቤት ሆነ። ፍሎሪዳ ስቴት በ2023 ሳይሸነፍ 13 ለ 0 ጨርሶ ለዋንጫው ከሚጫወቱት አራቱ ሳይመረጥ ሲቀር በዛው ታኅሣሥ ኮንፈረንሱን ከሰሰ፣ ክሌምሰንም ተከተለ። በ2025 መጋቢት ታረቁ፣ እርቁም ሁለት ነገር ነው፣ ብዙ ሰው የሚያያቸው ቡድኖች ብዙ ብር ይወስዳሉ፣ የመውጫው ክፍያ ደሞ በየዓመቱ እየወረደ በ2030 አካባቢ 75 ሚሊዮን ይደርሳል። እኩል መካፈል የሚባለው ነገር እዛ ላይ ተሰበረ።

ብሩን የከፈለ ቲቪ ሰዓቱንም ይወስናል። የብዙ ጨዋታ ሰዓት የሚታወቀው 12 ቀን ሲቀረው ነው፣ አንዳንዴም ቻናሎቹ ለመምረጥ ጊዜ ስጡን ብለው ስድስት ቀን ሲቀረው። ቲኬትና ሆቴል የያዘ ሰው ጨዋታው ከቀኑ 6 ሰዓት ይሁን ከምሽቱ 1:30 ሳያውቅ ነው የያዘው። ፎክስ ትልቁን ጨዋታ ቀትር ላይ ማድረግ ስለሚወድ ደጋፊው ጎህ ሳይቀድ ፓርኪንግ ላይ ስጋ እየጠበሰ ነው። ስታዲየም የገባችሁ ደሞ መስመሩ ዳር ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ፈልጉ፣ እሱ የቲቪው ሰው ነው፣ ማስታወቂያ ሲሄድ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ እሱ እስኪመለስ ዳኛው አያስጀምርም። 22 ተጫዋችና ብዙ አስር ሺ ሕዝብ ቆሞ የሚጠብቀው የመኪና ማስታወቂያ እስኪያልቅ ነው።

ቤት ያለውም አልቀረለትም። ነሐሴ 31 ቀን 2023 ፍሎሪዳ ከዩታ እየተጫወቱ እያለ ቻርተር የሚባለው የኬብል ድርጅት ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞች ላይ ኢኤስፒኤን ድንገት ጠፋ፣ ዲዝኒና ቻርተር በዋጋ ተጣልተው ነው፣ 11 ቀን ቆየ። በቀጣዩ ዓመት መስከረም 1 ደሞ ዩኤስሲና ኤልኤስዩ ሊጫወቱ ሲሉ ተራው የዳይሬክቲቪ ሆነ። ሁሌ የፉትቦል መጀመሪያ ላይ መሆኑ አጋጣሚ አይደለም፣ ደንበኛው በጣም የሚጮኸው ያኔ ነው። ኬብሉን ቆርጬ በስትሪሚንግ ልያዝ ካላችሁ ደሞ አንዳንድ የቢግ ቴን ጨዋታ የኤንቢሲ ስትሪሚንግ ፒኮክ ላይ ብቻ ነው፣ ኢኤስፒኤን ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ለብቻው በወር 29.99 ዶላር ነው፣ ፎክስ ሌላ። እድሩ ፈረሰ፣ ለቅሶ ያለበት ቤት ብቻውን ይከፍላል።

ተጫዋቾቹስ? ከቲቪው ብር በቀጥታ ደሞዝ የሚባል ነገር ለአሥርተ ዓመታት አያገኙም ነበር፣ ስኮላርሺፕ ነው። አሠልጣኙ በዓመት አሥር ሚሊዮን ሲወስድ ልጁ ምሳ የጋበዘው ሰው ተገኘ ተብሎ ይቀጣ ነበር። ሰኔ 2025 ላይ ፍርድ ቤት ባፀደቀው ስምምነት ነው ትምህርት ቤቶች ከገቢያቸው ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ የተፈቀደው፣ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር። ይሄ ወጪ ሲጨመር የቲቪ ብሩ የበለጠ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ሩጫው አይበርድም።

አሁን ቀኖቹን ተመልከቱ። የኖተርዳም ኮንትራት 2029፣ የቢግ ቴን በ2030 ክረምት፣ የቢግ 12 በዓመቱ 2031፣ የኤሲሲ መውጫ የሚረክሰውም በዛው ሰሞን፣ ኢኤስፒኤን በዓመት 1.3 ቢሊዮን ሊከፍልበት የተዋዋለው የዋንጫው ፕሌይኦፍ እስከ 2031-32፣ የኤስኢሲ ብቻ ነው እስከ 2034 የሚሄደው። ከሱ በቀር ሁሉም በአንድ ሦስት ዓመት ውስጥ ተከማችቷል። ልጃችሁ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ከሆነና የሆነ ኮሌጅ ካሰባችሁለት፣ ሲገባ የዛ ኮሌጅ ቡድን ከማን ጋር እንደሚጫወት አሁን ባለው ዝርዝር አትመኑ።